ቤት ከመግዛት በፊት የባለቤትነቱን ታሪክ ስለ መመርመር

በሬ የሚገዛ ሰው ገበያ ወጥቶ ደስ ያለውን በሬ ወዲያው ገንዘብ ቈጥሮ አይነዳም። ጥርሱን ያያል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ከዚህም በኋላ ሻጩን «አገርህ ወዴት ነው? በሬውንስ ከማን አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩን የሚያውቅ ሰው ያልተገኘ እንደ ሆነም ዋስ እንዲጠራ ያስገድደዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በሬው የተሰረቀ ቢሆን እውነተኛው ባለቤት መጥቶ ከበረቱ እንዳይፈታበት ነው።

ቤት የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አይመረምርም። ቤት ከቆመበት የማይነቃነቅ ስለ ሆነ ሊሰረቅ የማይችል ይመስለዋልና፥ ግድግዳውንና ጣራውን፥ በሩንና ጓሮውን አይቶ ዋጋውን ይከራከራል። ይሁን እንጂ ቤቱ ከቦታው ባይነቃነቅም የባለቤትነቱ መብት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህ መብት ነው። መብቱ ደግሞ እንደ ግድግዳ በዓይን የሚታይ፥ በእጅም የሚዳሰስ አይደለም፤ የሚታወቀው ታሪኩን ወደ ኋላ ተከትሎ በመመርመር ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት በገጠር ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥበት ምክንያት ይህ ነው። ከወላጆች መካከል ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ ሆኖም ከብታቸውን ሸጠው፥ የእህሉንም ዋጋ አጠራቅመው በወረዳው ከተማ ለልጆቻቸው መማሪያና ለእርጅናቸው ማረፊያ የሚሆን ቤት ይገዛሉ። ሰነዱ በቀረበ ጊዜ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እውነተኛ ይመስላቸዋልና በጣታቸው አሻራ ይፈርማሉ። እንግዲህ ማንበብ የሚችል ልጅ ለቤተ ሰቡ ዓይን ሊሆን ይገባዋል።

፩፤ የቀድሞ አባቶች ልማድ

በቀድሞ ዘመን በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የርስት መሬት የሚጠይቅ ሰው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ትውልድ ይቈጥር ነበር። እገሌ እገሌን ወለደ እያለ፥ ከራሱ ተነሥቶ መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው አባት ድረስ ይደርሳል። ከመካከል አንድ ሰው የጎደለ እንደ ሆነ ነገሩ ይበላሽበታል። ርስቱ የትውልዱ ሁሉ ድርሻ ስለ ነበረ አንዱ ብቻውን ለሌላ አሳልፎ ቢሰጠው የቀሩት ተነሥተው ይከራከሩት ነበር።

የመሬት ስጦታና ሽያጭም በቃል ብቻ የሚቀር አልነበረም። ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጡት ጉልት በወንጌሉ መጽሐፍ ኅዳግ ወይም በባዶው ገጽ ይጻፍ ነበር። በጎንደር ዘመን ደግሞ የሰዎች ስጦታ፥ ኑዛዜና ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ተጽፎ እናገኘዋለን። በዚያም የሻጩና የገዢው ስም፥ ዋጋው፥ የእማኞችም ስም ተዘርዝሮ ይገኛል። መጽሐፉ በዕቃ ቤት የሚጠበቅና የሚከበር ስለ ሆነ ጽሕፈቱን ማንም እንደ ፈቃዱ ሊለውጠው አይደፍርም ነበር።

ከዚህ ልማድ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ መብት የሚታወቀው እስከ መጀመሪያው ባለቤት ድረስ ተቈጥሮ ነው። ሁለተኛው፥ ማስረጃው የሚጠበቀው በሻጩ ኪስ ሳይሆን ሁሉ በሚያምነው በሦስተኛ ወገን እጅ ነው። ዛሬም ቢሆን ዘመኑና መሥሪያ ቤቱ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ይኸው ነው፤ የትውልዱን ቈጠራ ወደ ቤቱ፥ የወንጌሉን ኅዳግ ወደ ከተማው መዝገብ ማዛወር ብቻ ነው።

፪፤ የሚሸጠውና የማይሸጠው

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ለሽያጭ የቀረበው ነገር በሕግ የሚሸጥ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ ወደ መንግሥት ዞረ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ የማይሸጥና የማይለወጥም መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤት የራሱ ስለ ሆነ ሊሸጠው፥ ሊያወርሰውም ይችላል።

ስለዚህ በከተማ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ከቤቱም ጋራ በቦታው የመጠቀም መብት ይተላለፋል። የገጠር የእርሻ መሬት ግን አይሸጥም። ገበሬው የያዘውን መሬት ሕግ በፈቀደው መጠን ሊያከራየው፥ ሊያወርሰው፥ ሊሰጠውም ይችላል፤ «መሬቴን ሸጥሁልህ» የሚል ውል ግን በመቶ እማኝ ቢጻፍ በፍርድ ቤት አይጸናም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324ም ይህን አልለወጠም።

በከተማ ዳር የእርሻ መሬት እየተቈረሰ ለቤት መሥሪያ ሲሸጥ፥ በላዩም ያለ ፈቃድ ቤት ሲሠራ ይታያል። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ቤት «የጨረቃ ቤት» ብሎ ይጠራዋል፤ ሹም እንዳያይ በሌሊት የሚሠራ ነውና። የጨረቃ ቤት የገዛ ሰው ገንዘቡን ለሻጩ ሰጠ፤ ነገር ግን ያገኘው መብት የለም፤ ቤቱ በፈረሰ ጊዜ ካሣ ለመጠየቅ የሚያበቃውም ማስረጃ አይኖረውም።

የቀበሌ ቤትም እንዲሁ ነው። በውስጡ የሚኖረው ሰው አርባ ዓመት ቢቀመጥበት ተከራይ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ስለዚህ ሊሸጠው አይችልም። በመንግሥት የቤት ልማት በዕጣ የተገኘ ቤትም ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሸጥ የተከለከለ ሊሆን፥ የባንክም ዕዳ ሊኖርበት ስለሚችል ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይጠየቃል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ የመሬት ሽያጭ ወረቀትም የቤቱን ታሪክ ለማስረዳት ይጠቅማል እንጂ ዛሬ ብቻውን መብት አይሰጥም።

፫፤ ወረቀቱንና መዝገቡን ማስተያየት

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ወይም የባለቤትነት ማረጋገጫ ደብተር ነው። በካርታው ላይ የባለቤቱ ሙሉ ስም፥ የቤቱ ቍጥር፥ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፥ አዋሳኙም ተጽፎ ይገኛል። ገዢው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ይገባዋል። ስሙ ከሻጩ መታወቂያ ጋራ እስከ አያቱ ድረስ ይስማማል? ስፋቱ በገመድ ቢለካ ከወረቀቱ ጋራ ይተካከላል? ወጥ ቤቱ ወይም አጥሩ ከካርታው ወሰን ወጥቶ በጎረቤት ወይም በመንገድ ቦታ ላይ ቆሞ እንደ ሆነስ?

ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ የሊዙ ውል ይታያል፤ ለስንት ዓመት እንደ ተሰጠ፥ ምን ያህል እንደ ተከፈለና ምን ያህል እንደ ቀረ ከዚያ ይታወቃል። ቤቱ ገና በመሠራት ላይ ያለ እንደ ሆነም በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ፥ ይኸውም በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721፥ ሥራው ሳይጀመር ወይም ከእኩሌታው ሳያልፍ ስለሚተላለፍ ቦታ የተወሰነ ደንብ ስላለ አስቀድሞ ሊጠየቅበት ይገባል።

የዓመት የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝም ይጠየቃል። ሆኖም ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ያስረዳል እንጂ የከፈለው ሰው ባለቤት መሆኑን ብቻውን አያስረዳም። ተከራይም፥ ጠባቂ ዘመድም በባለቤቱ ስም ሊከፍል ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው፤ በሻጩ እጅ ያለው ካርታ የመዝገቡ ጥላ ነው፤ ዋናው መዝገብ በከተማው መሥሪያ ቤት ይገኛል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1195 የባለቤትነት ማረጋገጫ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደ ሆነ ይገመታል ይላል፤ በቍጥር 1196 ደግሞ ማስረጃው ያለ ሥልጣን ወይም ያለ ደንብ የተሰጠ መሆኑ ከታወቀ ግምቱ ሊፈርስ እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ ገዢው ከሻጩ ጋራ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ካርታው ከፋይሉ ጋራ እንዲመሳከር መጠየቅ አለበት። ወደዚያ አብሮ ለመሄድ የሚያመነታ፥ «ዛሬ ካልከፈልህ ሌላ ገዢ አለኝ» እያለ የሚያጣድፍ ሻጭ ቢገኝ ገዢው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

፬፤ የቤቱን ትውልድ መቈጠር

አሁን ታሪኩን ወደ ኋላ እንከተል። ሻጩን «አንተ ከማን አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ፥ የሚሰጠውንም መልስ በሰነድ ማመሳከር ያስፈልጋል። ገዝቶት ከሆነ በሹም ፊት የተረጋገጠ የሽያጭ ውሉ ይታያል። ወርሶት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃና የተካፈሉበት ሰነድ፥ በስጦታ አግኝቶት ከሆነ የስጦታው ውል፥ በፍርድ ቤት ሐራጅ ገዝቶት ከሆነ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይታያል። ከዚያም ለሻጩ ያስተላለፈለት ሰው እርሱስ ከማን እንዳገኘው ይጠየቃል፤ እንዲህ እየተባለ ቤቱን መጀመሪያ እስከ ሠራው ሰው ድረስ ይደረሳል።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሰው በ1960 ዓ.ም. በአንድ ከተማ ቤት ሠራ እንበል። በ1967 ዓ.ም. ቤቱ ትርፍ ሳይሆን መኖሪያው ስለ ነበረ ቀረለት። በ1985 ዓ.ም. ሰውዬው ሚስቱንና አራት ልጆቹን ትቶ ሞተ። ታናሹ ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋራ በቤቱ ተቀመጠ፤ እናቲቱም በሞተች ጊዜ ካርታውን በራሱ ስም አዞረ። ዛሬ ቤቱን ሊሸጥ ቀርቧል፤ ካርታው እውነተኛ ነው፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነው፤ ጎረቤትም የባለቤቱ ልጅ መሆኑን ይመሰክርለታል።

ግድግዳውንና ካርታውን ብቻ ያየ ገዢ ነገሩ ሁሉ የቀና ይመስለዋል። ትውልዱን የሚቈጥር ገዢ ግን ይጠይቃል። ቤቱ በጋብቻ ዘመን የተሠራ ከሆነ እኩሌታው የሚስቲቱ ነበረ፤ የባልየው እኩሌታ ለአራቱም ልጆች የሚደርስ ነው፤ እናቲቱም በሞተች ጊዜ የእርሷ ድርሻ እንዲሁ ለልጆቿ ይተላለፋል። ታናሹ ልጅ ብቻውን ባለቤት የሆነው በምን መንገድ ነው? ወንድሞቹ ድርሻቸውን ሰጡት ወይስ ሸጡለት? የተፈራረሙበት ወረቀትስ ወዴት አለ? የወራሽነቱ ማስረጃ ሲወጣ በሌላ አገር ተድራ የምትኖረው እኅቱ ስሟ ተቈጥሯልን? ስሟ ያልተቈጠረ እንደ ሆነ፥ እርሷ ወይም ልጆቿ ዘግይተው በመጡ ጊዜ የሚከሰሰው ገንዘቡን ተቀብሎ የሄደው ወንድም ብቻ አይሆንም፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ገዢም ይከሰሳል።

በሰንሰለቱ አንድ ቀለበት የጎደለ እንደ ሆነ መፍትሔው ከመሸጡ በፊት ነው እንጂ ከተሸጠ በኋላ አይደለም። ወራሾች ሁሉ ቀርበው ይፈርሙ፤ ወይም ጕዳዩ በፍርድ ቤት ይለቅ። ይህ እስኪሆን ድረስ ገዢው ገንዘቡን መያዝ አለበት።

፭፤ ባልና ሚስት፥ ወኪልም

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213፥ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን ያፈሩት ሀብት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የአንዳቸው ብቻ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደ ሆነ ይገምታል። የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሳይስማማ የተሸጠበት ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ስለሚችል፥ ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ሚስት፥ በሚስት ስም ብቻ ቢሆንም ባል መጥቶ መፈረም አለበት። ሻጩ አላገባሁም ወይም ፈትቻለሁ የሚል ከሆነ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያቅርብ፤ የፈታ ከሆነ ደግሞ የንብረቱ ክፍፍል የተፈጸመበት ፍርድ ይታይ።

ባለቤቱ በውጭ አገር ሲኖር ቤቱን በወኪል የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ውክልናው ስለ ቤት ሽያጭ በግልጥ የሚናገር መሆን አለበት፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ቃል ለመሸጥ አያበቃም። ደግሞም ወካዩ የሞተ እንደ ሆነ ውክልናው በሕግ ያበቃል፤ በሕይወት ሳለም ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ገዢው ውክልናው ያልተሻረ መሆኑን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጥ፤ ከተቻለውም ከባለቤቱ ጋራ ራሱ ይነጋገር።

፮፤ ዕዳና እግድ

ቤቱ በእውነት የሻጩ ሆኖ ሳለ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። ሰው ከባንክ ሲበደር ቤቱን በመያዣ ይሰጣል፤ መያዣውም በመዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። ባለዕዳው ቤቱን ለሌላ ቢሸጠው መያዣው ከቤቱ ጋራ ይሄዳል፤ ባንኩም ከአዲሱ ባለቤት እጅ ቤቱን አሽጦ ገንዘቡን ሊወስድ ይችላል። እንዲሁም በክርክር ላይ ያለ ቤት በፍርድ ቤት እግድ ሊኖርበት ይችላል።

ይህ ሁሉ በቤቱ ላይ ተጽፎ አይታይም፤ የሚታወቀው ከመዝገቡ ነው። ገዢው ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲወጣለት ይጠይቅ። ጽሑፉም በቅርብ ቀን የወጣ ይሁን፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ብዙ ነገር ሊለወጥ ይችላልና። ያልተከፈለ ግብር፥ የመብራትና የውኃ ሒሳብም ካለ ከዋጋው እንዲታሰብ ይደረግ።

፯፤ ጎረቤትን መጠየቅ

መዝገብ የማይናገረውን ጎረቤት ይናገራል። ገዢው በአዋሳኙ ያሉትን ሽማግሌዎችና የዕድሩን ሰዎች በትሕትና ይጠይቅ፤ ቤቱን ማን ሠራው? ከዚህ በፊት ተሽጦ ያውቃልን? በወሰኑ ጠብ አለበትን? ከቤተ ሰቡ የቀረ ሰው አለን? በቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ማነው፥ በምንስ መብት ተቀመጠ? ከአንድ ሰው ብቻ ሰምቶ ከመፍረድ ይልቅ ከሁለትና ከሦስት ሰው ሰምቶ ማስተያየት ይሻላል። ደላላ የሚናገረውም ይሰማ፤ ነገር ግን ደላላ ዋጋውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም መሆኑ አይረሳ።

፰፤ ውሉና ምዝገባው

ምርመራው ሲያልቅ ውል ይጻፋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በመንደር በሽማግሌ ፊት ብቻ የተጻፈ ውል በየፍርድ ቤቱ ብዙ ክርክር ያስነሣው ስለዚህ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ አሻራ ሲፈርምም አሻራው በሥልጣን ባለው ሹም ፊት ሊረጋገጥ ይገባል፤ ይህ ደንብ የቆመው ራሱን ያልተማረውን ሰው ለመጠበቅ ነው።

ውል መፈረም ግን የነገሩ መጨረሻ አይደለም። በቍጥር 1185 እንደ ተጻፈው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው በመዝገብ ሲገባ ነው፤ በቍጥር 2878ም ሽያጩ ቤቱ ባለበት ስፍራ መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም። ስለዚህ ገዢው ከውል በኋላ ሳይዘገይ ካርታውን በስሙ ያዙር። ይህን ቸል ያለ እንደ ሆነ ቤቱ በመዝገብ የሻጩ ሆኖ ስለሚቀር ሌላ ገዢ ወይም ባለ ገንዘብ ሊቀድመው ይችላል።

ቀብድም በጥንቃቄ ይሰጥ። በሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ሳይመረምር ቀብድ የሰጠ ገዢ እንከኑን ዘግይቶ ሲያገኝ ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ስለ ሆነ ለመመለስ ይቸገራል። መመርመር ይቅደም፤ ቀብድ ይከተል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚበዛ ቢመስልም ጥቂት ቀን የሚፈጅ ነው፤ ክርክር ግን የሰውን ዕድሜ ይፈጃል። ሐቀኛ ሻጭ ስለ ተመረመረ አይቈጣም፤ መብቱ በታወቀለት መጠን ቤቱ ይከበራልና። ተማሪም ይህን በሚገባ አንብቦ ለአባቱና ለእናቱ፥ ለጎረቤቱም ያስረዳ፤ ወላጁ በማያውቀው ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊትም ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያንብብለት።

ጥያቄ

1. ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለምን ነገር ነው?
2. በአገራችን ሕግ የማይሸጠው ምንድን ነው? የሚሸጠውስ?
3. የግብር ደረሰኝ ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
4. በምሳሌው የተነገረውን ቤት ለመግዛት የእነማን ፊርማ ያስፈልግ ነበር? ምክንያቱን ተናገር።
5. ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ወኪሉ ቤቱን ሊሸጥ ይችላልን?
6. የምትኖርበት ቤት ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ወላጆችህን ጠይቀህ እስከ መጀመሪያው ባለቤት ድረስ በተራ ጻፍ።